ገና አገር ቤት አልቀረም

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከየአቅጣጫው የምሰማው ቃል አንድ ነው። «እዚህ በዓል በዓል አይሸትም።» ከሚኒሶታ የሚደውለው ይለኛል። ከስቶክሆልም የምትጽፈው ትለኛለች። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋም ማዳም እንዳትሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትለኛለች። ቄጤማው የለም። ጎረቤት በር አያንኳኳም። ቡናው ቢፈላም ጠጪው ብቻውን ነው። ገና አገር ቤት ቀርቷል፣ እኛ ደግሞ እዚህ ነን።

ናፍቆቱን አልነቅፍም። ስንት ክረምት ካሳለፍኩ በኋላ እንኳ እኔንም አልለቀቀኝም። ግን ወገኖቼ፣ ቄጤማና ዶሮ አገር ቤት ሊቀሩ ይችላሉ፤ ገና ግን አልቀረም። የልደትን ታሪክ ከአገሩ ወጥቶ የሚያነብ ሰው፣ በወላጆቹ ቤት ሆኖ ሲሰማው ያለፈውን ብዙ ነገር ያይበታል።

ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። ታሪኩ የሚጀምረው በመንግሥት ትእዛዝ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ሁሉ ይመዝገብ አለ። ስለዚህ ዮሴፍ ነፍሰ ጡሯን ማርያምን ይዞ ከናዝሬት ተነሣ። ቤተ ልሔም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሚሄዱት ስማቸውን ለማስመዝገብ ብቻ ነው። ለወረቀት ጉዳይ ሩቅ መንገድ የተጓዘ፣ በብርድ ተሰልፎ ተራውን የጠበቀ ሰው ይህን ጉዞ ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል። ደረሱ። ማደሪያ አጡ። «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው» ይላል ወንጌሉ። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ቦታ አልነበረም፣ አለቀ።

ይህ ሳይበቃ ሄሮድስ መጣ። ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ መልአኩ ዮሴፍን በሕልም እንዲህ አለው፦ «ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ፥ እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ።» የጥገኝነት ኬዝ አስገብታችሁ ቀጠሮ የምትጠባበቁ ይህን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዮሴፍ ቀን አልተቆረጠለትም። በስንት ወር እንደሚመለስ፣ ይመለስ እንደሆነም የሚያውቀው ነገር የለም። «እስክነግርህ» ተባለ፣ በሌሊት ተነሣ፣ ሄደ። ሕፃኑ ግን አብሮት ነበር። ሰላማቸው ግብፅ ከመግባታቸው በፊት ወይም ከግብፅ ከወጡ በኋላ የሚጀምር ነገር አልነበረም። በጉዞው መሐል በእናቱ እቅፍ ውስጥ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት አድበስብሳ አላለፈችውም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ለመታሰቢያው ሰጥታ፣ ወርኃ ጽጌ ብላ፣ በማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ታነጋለች። በማግስቱ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው፤ በግብፅ ያረፉበት ተራራ መታሰቢያ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ጾሙ ሲያልቅ ልደት ነው። በሥርዓታችን ገና ላይ የምንደርሰው የእመቤታችንን ስደት አስበን ነው። አገር ቤት ሳለን ይህ የካህናቱ ጉዳይ ይመስለን ነበር። አሁን የእኛም ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምለው አንድ ክፉ ልማድ ስላለን ነው። ሰላምን እናቆያለን። «ወረቀቴ ይውጣና።» «ቤት ልግዛና።» «ልጆቹን ላምጣና።» «አገር ይረጋጋና።» እስከዚያ ድረስ ኑሮው ጥበቃ ነው፤ በዓሉም፣ ጸሎቱም፣ ሳቁም ለኋላ ይቀመጣል። ወረቀቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ የሚጠበቅ ነገር ይተካል። ግሪን ካርድ ይዞ፣ ዜግነት አግኝቶ፣ ቤቱን ከፍሎ ጨርሶ ዛሬም እንቅልፍ የሌለውን ሰው አውቃለሁ። ወረቀት መልካም ነው፣ ታገሉለት። ወረቀት ግን ያንን ሰላም አይሰጥም።

እረኞቹን ተመልከቱ። ያን ሌሊት የምሥራቹ በቅድሚያ የተነገረው ለማን ነው? በቤተ መንግሥት ለተኛው አይደለም። በሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነው። በዘመናችን ቋንቋ የማታ ሺፍት ላይ ነበሩ። አንቀላፍተው ቢሆን መንጋው ለአውሬ ነበር። መልአኩ መጣ፣ «ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ» አላቸው። ሮጠው ሄዱ፣ ሕፃኑን አዩ። ከዚያስ? «እግዚአብሔርን እያመሰገኑና እያከበሩ ተመለሱ» ይላል ሉቃስ። የተመለሱት ወደ ሥራቸው ነው። ወደዚያው መንጋ፣ ወደዚያው ብርድ። ደመወዝ አልተጨመረላቸውም። ሮማውያን አገሩን አልለቀቁም። የተለወጡት ራሳቸው ናቸው። አባቶቻችን የገና ጨዋታን ከዚህ ጋር ያያይዙታል፤ እረኞቹ በደስታ በያዙት በትር ተጫወቱ ይላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚያ ቀን ደስታ ነው።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አረጋዊ የምታገላብጪው እህቴ፣ መጋዘን ውስጥ ሣጥን የምትጭነው ወንድሜ፣ ኤርፖርት ተራ የምትጠብቀው ባለታክሲ፣ ይህ የምሥራች የተነገረበት ሰዓት የእናንተ ሰዓት ነው።

ስለ ሰላሙ ደግሞ እንዳንሳሳት። መላእክቱ «ሰላምም በምድር» ብለው ሲዘምሩ ሄሮድስ ዙፋኑ ላይ ነበር። ቆይቶ የቤተ ልሔምን ሕፃናት አስገደለ። ማቴዎስ ይህን አልደበቀም። ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ፣ መጽናናትም እንቢ ስትል ጻፈልን፤ እዚያው በልደቱ ታሪክ ውስጥ። ስለዚህ ቤተሰቡ የተፈናቀለበት፣ ወንድሙ የሞተበት፣ መንደሩ የተቃጠለበት ሰው በገና ቀን ቢያለቅስ እምነት ጎደለው አይባልም። «በዓል ነው፣ እርሳው» አትበሉት። አጠገቡ ቁጭ በሉ። ዛሬም በአማራና በኦሮሚያ የተኩስ ድምፅ እየሰሙ የሚያድሩ ወላጆች ያሉን ብዙ ነን። ክርስቶስ «ሰላሜን እሰጣችኋለሁ፤ እኔ የምሰጣችሁ ዓለም እንደሚሰጥ አይደለም» ያለው ሊሰቀል በዋዜማው ነው። ችግር ስለሌለ የሚመጣ ሰላም ቢሆን ኖሮ ያን ማታ አይናገረውም ነበር።

አሁን ወደ ኑሮው ልመለስ፤ ይህ ሁሉ የሥራ ቀንና አለቃ ባለበት የሚኖር ነውና።

ገናችን ጃንዋሪ 7 ነው። በኛ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28። አሜሪካ ውስጥ ያ ቀን ተራ የሥራ ቀን ነው፣ አለቃችሁ በዓል መሆኑን አያውቅም። ጃንዋሪ 5 ላይ ኦፍ ብትጠይቁ አታገኙም፤ ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ሺፍቱ ወጥቶ ስላለቀ ነው። ስለዚህ በኖቬምበር ተናገሩ። ብዙ ሐበሻ የሚያደርገውን አድርጉ፣ ተለዋወጡ። «ዲሴምበር 24ንና 25ን እኔ ልግባልሽ፣ የጃንዋሪ 6ን ማታና 7ን አንቺ ያዢልኝ።» ትንንሽ ልጆች ያሏት የሥራ ባልደረባችሁ ይህን ውለታ ዓመቱን ሙሉ አትረሳውም። ብዙ ቦታም ዲሴምበር 25 ክፍያው ከፍ ይላል። ለእኔ ግን ዋናው ሌላው ነው። ለአንድ ሰው ገናውን ሰጥታችሁ የራሳችሁን ትቀበላላችሁ።

ሕጉንም እወቁ። አሜሪካ ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ ሥራውን ከባድ ጫና ላይ ካልጣለው በስተቀር የሠራተኛውን የእምነት በዓል ሊያመቻች ይገባዋል። ፈቃዱ ያለ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፣ በትሕትና አቅርቡ፣ የበዓሉን ስም ጻፉ። በቃል ኮሪደር ላይ የተባለ ነገር ይረሳል። ሌላ አገር ያላችሁም የዓመት ፈቃዳችሁን ስታቅዱ በመጀመሪያ ይህቺን ቀን ያዙባት።

ለምን እንዲህ እወተውታለሁ? የዋዜማው ሌሊት ስለማይተካ ነው። ብዙዎቻችን የምንቀድሰው በኪራይ ወይም ከሌላ ቤተ እምነት በተገዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሩ ላይ በረዶ የቀለጠበት ቦት ጫማ ተከምሯል። ነጠላው ከወፍራሙ ጃኬት በላይ ተደርቧል። ሕፃናት በጋቢ ተጠቅልለው ረጅሙ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ባለታክሲዎች ናቸው፤ ስልካቸውን አጥፍተዋል። ከነጠላዋ ሥር የሆስፒታል የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ አለች፤ ጧት 1 ሰዓት ሥራ ትገባለች። ከበሮው ሲመታ ያ የሰው አዳራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሕዝቡ ሲወጣ ምድር ቤት ውስጥ ዳቦና ሻይ አለ። ማንም ማንንም «ወረቀት አለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ያን ሌሊት አታሳልፉት። ድካሙን በሌላ ቀን ትተኙታላችሁ።

ልጆች ያላችሁ፣ ዲሴምበር 25ን ጠላት አታድርጉት። ልጁ ትምህርት ቤት ሰምቶ ይመጣል፣ ዛፉን ያያል፣ ስጦታ ያምረዋል። ከወገኖቻችን መካከልም በዚያ ቀን የሚያከብሩ፣ ሁለቱንም የሚያከብሩ አሉ። «የእነሱ ውሸት ነው፣ የኛ ነው እውነት» የሚል ክርክር ልጁን ከሁለቱም ያርቀዋል። ይልቅ ታሪኩን ስጡት። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 20፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት። እንግሊዝኛም ይሁን ስዊድንኛ። ከዚያ የላሊበላን ቤዛ ኩሉ በቀጥታ ሥርጭት አሳዩት። በቤተ ማርያም ዙሪያ ከድንጋዩ አፋፍ ላይ የተሰለፉትን ካህናትና ከታች ያሉትን አሳዩት፣ ከላይ ያሉት መላእክትን፣ ከታች ያሉት እረኞችን ይወክላሉ ብላችሁ ንገሩት። እየተቀባበሉ ነው የሚዘምሩት። ይህን ያየ ልጅ ገናን በስጦታ ብዛት አይለካም። ባይገባው እንኳ ይጠይቃል፣ መጠየቁ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ይከብዳል፤ ዝም ብዬ ግን አላልፈውም። ተኳርፈናል።

ቤተ ክርስቲያናችን በውጭ አገር ከ20 ዓመት በላይ ተከፍላ ኖራለች። «የአገር ቤቱ ሲኖዶስ»፣ «ስደተኛው»፣ «ገለልተኛው» እየተባባልን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሌሊት፣ አንዱን ጌታ «ተወለደ» እያልን፣ አንዳችን የሌላችንን ደጅ ሳንረግጥ ስንት ገና አለፈ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ አባቶች ታረቁ፣ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይታረቃሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ሆነ። እኔ ስለ ተስፋ ስናገር ይህን ቀን አነሣለሁ፤ ያልታሰበ ዕርቅ በዓይናችን አይተናልና።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የከፋ መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት አብሮ አደግ ወዳጆች ስልክ ተዘጋጉ። ክርስትና ያነሡትን ልጅ ማየት ያቆሙ አሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አነበበ፣ አንዱ ዝም ያለበትን ቀን ሌላው ቆጠረበት። እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። በዋዜማው የፖለቲካውን ላይቭ ዝጉት። እስከ ማግስቱ ድረስ ምንም አያመልጣችሁም። ከዚያ ከተኳረፋችሁት ሰው አንዱን ምረጡ፣ ሁሉንም አይደለም፣ አንዱን። ደውሉለት። «እንኳን አደረሰህ» በሉት። ክርክሩን አታንሡ፣ ማን ትክክል ነበር አትበሉ፣ ይቅርታም አስገድዳችሁ አትጠይቁ። ስለ እናቱ ጤና ጠይቁት። ካላነሣ ድምፅ ተዉለት። መልስ ባይሰጥም እናንተ ድርሻችሁን አድርጋችኋል። በደሉ ትልቅ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ አንድ ስልክ አይፈታውም፤ ጊዜና ሽማግሌ፣ እውነትና ፍትሕ ይፈልጋል። ይህን አውቃለሁ። አብዛኛው ኩርፊያችን ግን እዚህ የሚደርስ አይደለም፣ ማን ይቅደም ብለን ነው የተቀመጥነው።

ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ከላይ ያልኩት ስለ ፈቃድና ስለ ቅዳሴ ለብዙዎቻችሁ የሚሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። ከቤት መውጫ ቀን የሌላት አለች። ስለ እናንተ ሳስብ ግርግሙ ነው የሚታየኝ። እዚያም ሥርዓት የተሞላበት ቤተ መቅደስ አልነበረም። እናት፣ ሕፃን፣ የከብት መኖ ብቻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ መጣ። የሪያድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ሥራ ጨርሰሽ ክፍልሽ ስትገቢ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ አድርገሽ ቅዳሴውን ከአገር ቤቱ ሕዝብ ጋር በአንድ ሰዓት መስማት ትችያለሽ። ስልክ ከተከለከልሽም በቃልሽ የምታውቂውን አባታችን ሆይ በዪ። ያው ነው፣ አይጎድልም።

እኛ የተሻለ አገር ያለን ደግሞ ለእነዚህ ልጆች የተዘጋጀ የገና ምስል ፎርዋርድ አድርገን አንለፍ። በራሳችን ድምፅ፣ በስሟ ጠርተን፣ ሁለት ደቂቃ እንናገር። አገር ቤት ያለው ቤተሰብም በበዓል ሰሞን የበግና የዶሮ መግዣ ላኪ እያለ ለእርሷ እንዳይደውል ብንነግረው ደግ ነው። በዓል የሚባለው ሰሞን ለእርሷ የዕዳ ሰሞን ሆኖባታል።

ሰሜን አውሮፓና ካናዳ ያላችሁ ጨለማው ቀላል ነገር አይደለም። ስቶክሆልም በዲሴምበር አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ከአልጋ መነሣት ያቃተው፣ ምግብ ያስጠላው፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ጸሎትም ሐኪምም ያስፈልገዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሐኪም ማየት እምነት ማጣት አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችላላችሁ። ብሪታንያ ደግሞ 116 123 ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ስሞቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ዘንድሮ የመጣ፣ መኪና የሌለው፣ ቤተ ክርስቲያኑን የማያውቀው አንድ ሰው አለ። ወይም ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የቀረ ጋሼ አለ። «ፀሎት እናድርግልሃለን» ብላችሁ አትተዉት። ደውሉና «ጃንዋሪ 6 ማታ 3 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ወፍራም ልብስ ልበስ፣ ጧት ደግሞ እኛ ቤት ነው የምንፈስከው» በሉት።